እጁን ወደ ኋላ ያጣመረው ልጅ



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ! የዛሬው የጁሙዓ መልእክቴ የሚጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው። የምጽፈው ጥፋትን ማውራት ስለሚያኮራ አይደለም። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ታላቅ ወንድም ናችሁ፣ ታላቅ እህት ናችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም በየሰፈሩ መድረሳ ልጆች ታስቀራላችሁ። እኔ የሠራሁትን እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

ቅዳሜና እሁድ ልጆች የማስቀራበት መድረሳ አለ፤ እዚሁ ሀዋሳ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲበረታ አንዳችን የሌላውን ድምፅ ስለማንሰማ ቲላዋውን አቁመን እስኪያባራ እንጠብቃለን። አንድ ቀን እንደዚያ ቁጭ ባልንበት አንድ የ9 ዓመት ልጅ እጁን አወጣ።

«ኡስታዝ፣ ዝናብን የሚያወርደው አላህ ነው ብለውናል። የሳይንስ ቲቸራችን ደግሞ ውሃው ከሐይቅ ተንኖ ደመና ይሆንና ነው የሚዘንበው አለችን። የትኛው ነው ውሸቱ?»

በሩ አጠገብ የአንዱ ልጅ አያት ዝናቡን ተጠልለው ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የተማርኩ ሰው ነኝ። ኪታብም ቀርቻለሁ። መልሱን አውቀው ነበር። ግን የእኚያን አባት ፊት ሳይ «ይሄ ኡስታዝ ልጆቻችንን ምን እያስተማረ ነው?» እንዳይሉኝ ፈራሁ። ስለዚህ ቆጣ ብዬ «እንዲህ ዓይነት ነገር አይጠየቅም! አስተግፊሩላህ በል!» አልኩት። ልጆቹ ሳቁበት። እሱም «አስተግፊሩላህ» አለና አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም አደብ ያዘ ብዬ ደስ አለኝ። ሱብሐነላህ! ልጁ ዝም ማለቱን እንደ ትምህርት ቆጠርኩት።

ወራት አለፉ። ወላጆች ብር አዋጡና ልጆቹን አዲስ አበባ ወዳለው የሳይንስ ሙዚየም ልንወስዳቸው ተስማማን። ሙዚየሙ መስከረም 24 ቀን 2015 ነው የተመረቀው፤ ወዳጅነት ፓርክ አካባቢ የሚገኝ፣ ክብ ቅርጽ ያለው ትልቅ ሕንፃ ነው። ከሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሱብሒ ሰግደን በአንድ ኮስተር 22 ልጆች ጭነን ወጣን። ሻሸመኔን፣ ዝዋይን፣ ሞጆን አልፈን አዲስ አበባ ስንገባ ግማሾቹ እንቅልፍ ላይ ነበሩ፤ በር ላይ ስንደርስ ግን አንድም የተኛ አልነበረም።

የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። ሙዚየም ሲባል በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ ዕቃና «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ለለመደ ሰው ነገሩ ይለያል። ስክሪኑን ስትነኩት ይመልስላችኋል። ሮቦት አለ። ስለ ጤና፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ካርታ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያሳዩ ክፍሎች አሉ። ጉልላቱ ሥር ተቀምጣችሁ ወደ ላይ አንጋጣችሁ የምታዩት ትዕይንትም አለ። ልጆቹ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሯሯጣሉ፤ ሴቶቹ ልጆች እንዲያውም ከወንዶቹ ቀድመው ፊት ፊት ይቆማሉ። እኔም «ቀስ በሉ፣ አትጋፉ» እያልኩ ከኋላቸው እከተላለሁ።

በዚህ መሐል ያንን ልጅ አየሁት። ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ሌሎቹ ሲነኩ እሱ ራቅ ብሎ ያያል። ጓደኛው ጎትቶ ሊያስነካው ሲል እጁን መነጨቀው።

ጠጋ አልኩትና «ምነው አትነካም?» አልኩት።

«ይነካል እንዴ?»

«ይነካል እንጂ! የተሠራው እኮ እንዲነካ ነው።»

ትንሽ ዝም አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኡስታዝ፣ ወንጀል አይሆንብኝም?» አለኝ።

«ለምን ይሆንብሃል?»

«ያኔ ስለ ዝናብ ስጠይቅ አስተግፊሩላህ በል አሉኝ። እዚህ ያለው ሁሉ ደግሞ ሳይንስ ነው።»

ወላሂ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ የረሳሁትን አንድ ዓረፍተ ነገር ይህ ልጅ ለወራት ተሸክሞት ኖሯል። አስቡት እስቲ! በልቡ ውስጥ ሁለት ቤት ሠራሁበት። በአንደኛው ቤት አላህ፣ ቁርኣንና መድረሳ አሉ። በሌላኛው ትምህርት ቤት፣ ሳይንስና ጥያቄ አለ። በመካከላቸው ግድግዳ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ዛሬ 9 ዓመቱ ስለሆነ እጁን አጣምሮ ቆመ። 19 ዓመት ሲሞላውና ዩኒቨርሲቲ ሲገባስ? ከሁለቱ ቤት አንዱን ጥሎ መውጣት ያለበት ይመስለዋል። የትኛውን ጥሎ ይወጣ ይሆን? አላህ ይጠብቀን!

ወንድሜ፣ እህቴ! ከእናንተ መካከልም እንዲህ እጁን አጣምሮ ያደገ አለ። አንድ ቀን የጠየቃችሁት ጥያቄ በቁጣ ተመልሶላችሁ «ዲን ላይ ጥያቄ የለም» ተብላችሁ፣ ጥያቄውን ሆዳችሁ ውስጥ ቀብራችሁ የምትኖሩ አላችሁ። ዛሬ የምናገረው ለእናንተም ጭምር ነው።

እስቲ ወደ ሱረቱል በቀራ እንሂድ፣ አያ 260። የነቢያት አባት ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ጌታቸውን ጠየቁ፤ ሙታንን እንዴት ሕያው እንደሚያደርግ እንዲያሳያቸው። ጠያቂው ማን እንደሆነ አስተውሉ፤ ኸሊሉላህ ናቸው። ስለ ምን እንደጠየቁም አስተውሉ፤ ስለ ትንሣኤ ነው። አላህ አላመንክምን ብሎ ሲጠይቃቸው ማመናቸውን ተናገሩ፤ የፈለጉት ግን ልባቸው እንዲረጋ ነበር። አላህ አልተቆጣቸውም። ዝም በል አላላቸውም። አራት ወፎች እንዲይዙ አዘዛቸው፤ ከዚያ በየተራራው ላይ ቁራሽ ቁራሹን እንዲያስቀምጡ፣ ከዚያም እንዲጠሯቸው። ወፎቹም ወደ እርሳቸው መጡ።

አያችሁ? መልሱ ቃል ብቻ አልነበረም። በእጅ የሚያዝ ነገር ነበር። አላህ የወደደውን ባሪያውን ልብ ያረጋጋው በገዛ እጁ ይዞ፣ በገዛ ዓይኑ እንዲያይ አድርጎ ነው። በእርግጥ ያ ሙዕጂዛ ነው፤ የእኛን ሙከራ ከነቢይ ሙዕጂዛ ጋር አናነጻጽርም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ «እንዴት?» ብሎ መጠየቅ ከኢማን አያስወጣም። ያመነ ሰው ይጠይቃል፤ ስላመነም ነው የሚጠይቀው።

ነቢያችንስ (ሰ.ዐ.ወ) ከልጆች ጋር እንዴት ነበሩ? አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) አቡ ዑመይር የሚባል ትንሽ ወንድም ነበረው። ልጁ የሚጫወትባት አንዲት ትንሽ ወፍ ነበረችው። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የኡማ ጉዳይ በትከሻቸው ላይ እያለ፣ ልጁን ሲያገኙት ስለዚያች ወፍ ይጠይቁት ነበር። ልጅን ዝም የሚያሰኝ ትልቅ ሰው ሞልቷል፤ ስለ ወፉ የሚጠይቀው ስንቱ ነው?

ወደ ሙዚየሙ ልመለስ። ልጁን ይዤው ጥግ ላይ ቁጭ አልን። «ያኔ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጥያቄህ ጥሩ ጥያቄ ነበር። አፍወ በለኝ» አልኩት። እሱ ግራ ገባው፤ ኡስታዝ ይቅርታ ሲጠይቅ አይቶ አያውቅም። ከዚያ ጠየቅኩት።

«ዛሬ ጠዋት ቤት ሻይ ጠጥተሃል?»

«አዎ።»

«ማን አፈላው?»

«እማዬ።»

«እሳቱ አይደለም እንዴ ያፈላው?»

ሳቀ። «እሳቱም ነው፤ ግን እማዬ ናት የጣደችው።»

«ታዲያ ‹እሳቱ አፈላው› ያለ ሰው ዋሽቷል?»

«አልዋሸም።»

«‹እማዬ አፈላችው› ያለስ?»

«አልዋሸም።»

«ዝናቡም እንደዚያ ነው። ፀሐይ ሐይቁን ታሞቀዋለች፣ ውሃው ይተናል፣ ከፍ ብሎ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል፣ ከዚያ ይዘንባል። ቲቸርሽ... ቲቸራችሁ እውነት ተናግራለች። ይህን ሁሉ የፈጠረው፣ ሥርዓት ያስያዘው፣ ሲፈልግ የሚያዘንበው ሲፈልግ የሚይዘው ደግሞ አላህ ነው። እኔም እውነት ተናግሬያለሁ። ውሸታም የለም።»

ልጁ ምንም አላለም። ተነሣና ሮጦ ስክሪኑን ነካው።

ወዳጆቼ! ይህ እኛ ዘንድ ስም ያለው ነገር ነው፤ ሰበብ እንለዋለን። ሰበብ አድርሱ እየተባልን ነው ያደግነው። አላህ ያለ ሰበብ መሥራት ይችላል፤ ሆኖም ዓለምን በሰበብ ላይ አቆማት። መርየም (ዐ.ሰ) ወልደው በደከሙበት ሰዓት፣ አላህ ተምሩን አፋቸው ድረስ ማድረስ ይሳነው ነበር? አይሳነውም። ግን ግንዱን በእጃቸው እንዲወዘውዙት ታዘዙ። ስለ ዝናቡም ቢሆን ሱረቱ ኑር አያ 43ን ክፈቱና ተመልከቱ። አላህ ደመናን እንደሚነዳ፣ ከዚያ እንደሚያገናኘው፣ ከዚያ እንደሚደራርበው፣ ከዚያም ዝናቡ ከመሐሉ ሲወጣ እንደሚታይ ደረጃ በደረጃ ይነግረናል። ቁርኣናችን ራሱ እየሆነ ያለውን እንድናይ ነው የሚጠራን። በሱረቱል ጋሺያም ወደ ግመሏ፣ ወደ ሰማዩ፣ ወደ ተራራውና ወደ ምድሩ እንዴት እንደተሠሩ እንድንመለከት ይጠይቀናል። ጥያቄው «እንዴት» የሚል ነው።

የሀዋሳ ልጆች ደግሞ ግመል ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ሐይቃችሁን እዩት። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከላዩ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ ግን የለውም። ታዲያ የሚገባው ውሃ የት ይሄዳል? አንድ ቀን ፍቅር ሐይቅ ስትሄዱ ታናናሾቻችሁን ይህን ጠይቋቸው። ከዚያ ወደ ሰማይ አሳዩዋቸው። አሞራ ገደል ሄዳችሁም አባ ኮዳን ተመልከቱት፤ ያ ራሰ በራ አንገቱ፣ ያ ረጅም መንቆሩ ለምን እንደሆነ አስጠይቋቸው። ዓሣ መብላት ብቻ አይደለም እዚያ የሚያስኬደን።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር እንድትጠነቀቁ እፈልጋለሁ።

አንደኛው፣ ኢማናችሁን በየሳምንቱ በሚወጣ የሳይንስ ዜና ላይ አትስቀሉት። አንዳንዶቻችን አዲስ ነገር በተሰማ ቁጥር «ይሄ እኮ ቁርኣን ውስጥ አለ!» ብለን አያውን ያለ ቦታው እንጎትተዋለን። ሳይንስ የሰው ጥረት ነው፤ ይሳሳታል፣ ይታረማል፣ ነገ ሌላ ሊል ይችላል፤ ጥንካሬውም እሱ ነው። ነገ ሲታረም ታናሽ ወንድምህ «ታዲያ ቁርኣኑስ?» ቢልህ ምን ልትለው ነው? ቁርኣን የሂዳያ መጽሐፍ ነው። እንድናይና እንድናስተነትን ያዘናል፤ የፊዚክስ ፈተና መልስ ሊሆነን አልወረደም።

ሁለተኛው፣ በሠሪው ሥራ ተደንቀን የሠሪውን ፈጣሪ እንዳንረሳ። ሙዚየሙ ውስጥ ልጆቹ ሮቦቱን ከበው አፋቸውን ከፍተው ቆመው ነበር። እውነትም የሚደንቅ ነው። እኔም «እስቲ ሁላችሁም እጃችሁን ጨብጡ። ዘርጉ። አሁን አውራ ጣታችሁን ከትንሿ ጣታችሁ ጋር አገናኙ» አልኳቸው። ሁሉም አደረጉ። «ይህን እንቅስቃሴ ለሮቦት ለማስተማር መሐንዲሶች ስንት ዓመት እንደሚለፉ ታውቃላችሁ? እናንተ ግን ሳታስቡት አደረጋችሁት። ማን ሰጣችሁ?» አንዷ ትንሽ ልጅ ደጋግማ እጇን ትከፍትና ትዘጋ ጀመር። ሱብሐነላህ! የነሕል ሱራ አያ 78 ትዝ አለኝ፤ ምንም ሳናውቅ ከእናቶቻችን ሆድ ወጥተን፣ እናመሰግን ዘንድ መስሚያ፣ ማያና ልብ እንደተሰጠን የሚነግረን። መንካትና ማየት የሹክር መጀመሪያ ነው።

ዕውቀት ያለ አላህ ፍራቻ የት እንደሚያደርስም አንርሳ። በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ልጆች በእጃቸው እየነኩ የሚማሩበት ኤክስፕሎራቶሪየም የሚባል ሙዚየም አለ፤ በ1969 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው፤ በዓለም ላይ ላሉ ብዙ መሰል ሙዚየሞችም አርአያ ሆኗል። መሥራቹ ፍራንክ ኦፐንሃይመር ይባላል። ስሙን በፊልም ሰምታችሁት ይሆናል፤ የአቶሚክ ቦምቡን ሥራ የመራው የሮበርት ታናሽ ወንድም ነው። ፍራንክ ራሱም በዚያ ፕሮጀክት ውስጥ ሠርቷል። ያው ፊዚክስ ሁለት ከተማ አመድ አደረገ፤ ያው ፊዚክስ የሕፃናትን እጅ አስተማረ። ዕውቀቱ አንድ ነው። ልዩነቱ ለምን ተጠቀምክበት የሚለው ነው፤ እኛ ደግሞ በቂያማ ቀን ባወቅነው ምን እንደሠራን እንጠየቃለን።

ዙህርና ዐስርን እንደ መንገደኛ አጣምረንና አሳጥረን ሰገድን። ወደ ሀዋሳ ስንመለስ መሽቶ ነበር፤ ልጆቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፎ ተኝቷል። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ኮስተር የሚከፍል ወላጅ የሌለው ልጅስ? ሁሉም ሰው አዲስ አበባ መሄድ አይችልም። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲም የስቴም ማዕከል አለው፤ እሱን የምታውቁ ልጆቻችሁን አስመዝግቡ። ግን መድረሳችን ውስጥስ ምን ማድረግ እንችላለን?

ያኔ ኢብኑል ሐይሠም ትዝ አለኝ። በ965 እ.ኤ.አ. ገደማ በበስራ ተወልዶ፣ በ1040 ገደማ በካይሮ የሞተ ሙስሊም ሊቅ ነው። ከእርሱ በፊት ብዙ ሊቃውንት የምናየው ከዓይናችን ጨረር ወጥቶ ነው ብለው ያስቡ ነበር። እርሱ ግን የምናየው ብርሃን ከነገሮች ወደ ዓይናችን ስለሚገባ እንደሆነ «ኪታቡል መናዚር» በተባለ መጽሐፉ አስረዳ። እንዲሁ በክርክር ብቻ አልነበረም፤ እየሞከረ ነው። ከተጠቀመባቸው ነገሮች አንዱ ጨለማ ክፍልና ትንሽ ቀዳዳ ነበር። ይኸው ነው ዕቃው! ጨለማና ቀዳዳ ደግሞ ለማንም አይከራይም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የመድረሳውን መስኮት በጥቁር ፕላስቲክ ሸፈንን፤ የበሩን ሥር በጨርቅ ደፈንን። ፕላስቲኩ ላይ የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ቀዳዳ አበጀን። ከፊት ለፊቱ ነጭ አንሶላ ሰቀልን። ውጭ ፀሐይ ነው፤ ውስጡ ጨለማ። መጀመሪያ ምንም አልታየም፤ ልጆቹ ማጉረምረም ጀመሩ። «ሰብር አድርጉ፤ ዓይናችሁ ጨለማውን ይልመደው» አልኳቸው። ሱረቱል ኢኽላስን እየቀራን ጠበቅን።

ከዚያ አንዷ ጮኸች። አንሶላው ላይ ሰማዩ ከታች ሆኖ፣ መንገዱ ከላይ ሆኖ ይታያል። አንድ ባጃጅ ጎማው ወደ ላይ ሆኖ አለፈ። አንዲት ሴት ተዘቅዝቃ በአየር ላይ ሄደች። ክፍሉ በ«ሱብሐነላህ» ተናወጠ።

ለምን ተገለበጠ? ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚጓዘው። ከባጃጁ ጣሪያ የሚነሣው ብርሃን በቀዳዳው አልፎ ቀጥ ሲል ወደ ታች ያርፋል፤ ከጎማው የሚነሣው ደግሞ ወደ ላይ። በቀዳዳው ላይ ይተላለፋሉ። ይህን በክርና በእንጨት አሳየኋቸው። ከዚያ «በዓይናችሁ ውስጥም ምስሉ የሚያርፈው ልክ እንደዚህ ተገልብጦ ነው» ስላቸው ሁሉም ዓይናቸውን ይዳስሱ ጀመር።

ያኔ ያ ልጅ እጁን አወጣ። ከብዙ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ነው።

«ኡስታዝ፣ ዓይናችን ገልብጦ ካየ ማነው የሚያቃናው?»

«አላህ በሰጠን አንጎል ነው የምንረዳው» አልኩት።

«እሺ፣ አሁን የተወለደ ሕፃንስ? እሱ ገልብጦ ነው የሚያየው?»

ዘወር ብዬ ሳይ እኚያ አያት በሩ ሥር ተቀምጠዋል። እንደ ያኔው ያዩኛል። ልቤ ትንሽ ደነገጠ። ግን አሁን ቃሉ ቀለለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። «አላሁ አዕለም። እኔም እፈልጋለሁ፣ አንተም ቲቸርህን ጠይቅ። ቅዳሜ ያገኘነውን እንነጋገራለን።»

ኢማሙ ማሊክ (ረሒመሁላህ) 48 ጥያቄ ቀርቦላቸው ለ32ቱ «አላውቅም» ብለው መመለሳቸው ይተረካል። የመዲናው ኢማም ካላፈሩበት እኛ ለምን እናፍራለን? ልጅ የሚጎዳው አለማወቃችንን ሲያይ አይደለም። አለማወቃችንን በቁጣ ስንሸፍን ነው።

እኚያ አባት ምንም አላሉም። ለዐስር አዛን እስኪባል ድረስ ግን ከዚያ ጨለማ ክፍል አልወጡም።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልንገራችሁ። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ትንሽ ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎች «ለኢብራሂም ሞት ነው የተጋረደችው» አሉ። ልጁን የቀበረ አባት ነበሩ፤ ዝም ቢሉ ሰው ሁሉ ያምን ነበር። እርሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች መሆናቸውን፣ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት ብለው እንደማይጋረዱ አስተማሩ። ከዚያም ሰገዱ፣ እንዲሰገድም አዘዙ። ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ ነበሩ፤ ስለ ፍጥረት እውነቱን መናገርም፣ ለፈጣሪ መስገድም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ፀሐይ ላሊበላ ላይ እንደ ቀለበት ሆና ስትታይ፣ እኛ ዘንድም በከፊል ስትጋረድ፣ ሰዓቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ተሰልቶ ታውቆ ነበር። መታወቁ ግን የኩሱፍን ሰላት አላስቀረም። ሥርዓቱን ማወቅ ለሥርዓቱ ባለቤት መስገድን አይከለክልም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት እነዚህን እንሞክር፦

1. ታናሽህ ሲጠይቅህ ስልክህን አስቀምጥና እየው። መልሱን ብታውቀውም ባታውቀውም መጀመሪያ «ጥሩ ጥያቄ ነው» በለው።

2. የማታውቁትን «አላውቅም» በሉ፤ ግን በዚያ አታቁሙ። አብራችሁ ፈልጉ። ዲንን የሚመለከት ከሆነ ዓሊም ጠይቁ፤ የሕክምና ወይም የሳይንስ ከሆነ የዘርፉን ባለሙያ።

3. እንዲህ ዓይነት ቦታ ልጆች ይዛችሁ ስትሄዱ ፎቶና ቲክቶክ ይቆያችሁ። እጃቸው ይንካ፤ የእናንተ ሥራ ከጎናቸው መቆም ነው።

4. ሴት ልጆችን ከኋላ አታስቁሙ። ዒልም መፈለግ ለወንድ ብቻ አልተባለም።

5. መሄድ ካልቻላችሁ ጨለማ ክፍል አበጁ። ነጭ አንሶላ፣ ጥቁር ፕላስቲክና ሰብር ይበቃል። ፀሐይን ግን በቀጥታ እንዳያዩ አስጠንቅቋቸው።

6. በቁጣ ዝም ያሰኛችሁት ልጅ ካለ ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ሂዱና አፍወ በሉት። ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። ረስቶታል ብላችሁም አታስቡ።

ያ አላህ! ጠቃሚ ዕውቀትን ስጠን፤ ከማይጠቅም ዕውቀትም ጠብቀን። የልጆቻችንን ጥያቄ ወደ አንተ የሚያደርስ መንገድ አድርግላቸው። በቁጣችን ያራቅናቸውን መልስልን፤ ላጠፋነውም ማረን። አሚን!

ሶለዋት አብዙ፤ ሱረቱል ካህፍን አትርሱ።

ጁሙዓ ሙባረክ!